ሁለት ቢላዋ ያለው ግሮሰሪ

ሥራ የጀመርኩት ረቡዕ ቀን ነው። ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ገና ሳልጀምር ሊያስባርረኝ ነበር።

አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው፤ ግን ገና አልፈነዳም። ጭሮን ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ግሮሰሪ ነበረው። ዛሬ ግሮሰሪ ሲባል ቢራ የሚጠጣበት ቤት ይመስላችኋል። የሙሴ ያኒ ግሮሰሪ የሚሸጠው የሚበላ ነገር ነበር፣ ያውም አብዛኛው ያገሬው ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀው። ፎርማጆ የሚሉት የፈረንጅ አይብ፣ ሳላሜ የሚሉት በአንጀት ጠቅጥቀው ያደረቁት ሥጋ፣ ሞርታዴላ የሚሉት ለስላሳ ቋሊማ፣ በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ የወይራ ፍሬ፣ ሰርዲን፣ ማርማላታ፣ የጣሳ ቅቤ። ከነዚህ ጎን የገለምሶ ማርና የሚኤሶ የግመል ቋንጣ ይቀመጣል። ደንበኞቹ ከበደሳና ከገለምሶ የሚመጡ የቡና ነጋዴዎች፣ የሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ሰዎች፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ሐኪሞችና አስተማሪዎች ነበሩ።

ዕቃ የምትገዛለት ሚስቱ ነበረች። እሷ ታማ ድሬዳዋ ስትገባ ሙሴ የግዢ ረዳት ፈለገ፣ እኔም ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ስለነበር ሄድኩ። አስካለ እባላለሁ። ባንኮኒው ላይ ቆሞ በቢላዋ ጫፍ ከፎርማጆ ቆረስ አድርጎ ዘረጋልኝ።

«ቅመሽ» አለኝ።

«ረቡዕ ነው» አልኩት።

«ረቡዕ ከሆነስ?»

«እጾማለሁ።»

«ሳትቀምሽ እንዴት ትገዢያለሽ?»

«አፍንጫ አለኝ።»

ሳቀብኝ። ሦስት ዓይነት ፎርማጆ አምጥቶ በየተራ አስሸተተኝ። አንደኛው የበግ በረት ይሸታል አልኩት። ሁለተኛው ደህና ነው አልኩት። ሦስተኛውን ገና ሳያስጠጋው ዓይኔን አቃጠለኝና ፊቴን አዞርኩ። ይህኛውን ለሰው እንዳትሸጠው አልኩት። ሙሴ ፎርማጆውን ገልብጦ አየው፤ ከታች በኩል ልጣጩ ሟሙቶ ነበር።

ከጓዳ በኩል ሥጋ የሚሰቅል ረጅም ሰውዬ ሳቀ። አልዪ ይባላል፣ የገለምሶ ልጅ ነው፣ የሙሴ የመጀመሪያ ሠራተኛ ነው። «አቦ ሙሴ፣ ቅጠራት። አፍንጫዋ ካፏ ይበልጣል» አለው።

እኔ ግን ነገሩ ከመጀመሪያው ይለይለት ብዬ ረቡዕና ዓርብ እንደማልቀምስ፣ በጾም ወራት እንደማልቀምስ፣ የእስላም ሥጋ ደግሞ ከነጭራሹ አፌ እንደማይገባ ነገርኩት። ሙሴ ወደ አልዪ ዞረ። አልዪም «እኔም የነሱን አልቀምስም፣ ታውቃለህ» አለው። ሙሴ እጁን ወደ ላይ አነሣና «እንግዲህ ሁለት ግማሽ ሰው ቀጥሬያለሁ» አለ። ነጭ ጋዋን ሰጠኝ፤ የሚስቱ ስለነበረ እጅጌውን አጥፌ ለበስኩት።

ሙሴ እንደቀልድ የተናገረው ነገር እውነት ሆነ። የእስላሙን ቋንጣና ሳላሜ አልዪ ይቀምሳል፣ እኔ አሸታለሁ። የክርስቲያኑን እኔ እቀምሳለሁ፣ እሱ ያሸታል። በሁዳዴ ፎርማጆና ቅቤ የሚቀምስልኝ እሱ ነው። በረመዳን ቀን ማርና ማርማላታ የምቀምስለት እኔ ነኝ። አልዪ «ጨው በዝቶበታል» ካለኝ በዝቶበታል ማለት ነው፣ ለደንበኛ እንደዚያው እናገራለሁ። አፌ ላይ አድርጌ ያላየሁትን ነገር በሌላ ሰው ቃል መሸጥ የተማርኩት ከዚያ ነው።

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ፎርማጆ ስትገዙ መጀመሪያ ድምፁን ስሙ። በቢላዋ እጀታ ቆርቆር አድርጉት። ዙሪያውን አንድ ዓይነት ድፍን ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ አንድ ቦታ ባዶ ከመሰለ ውስጡ ተሰንጥቋል። ሻጩ የሚያቀርብላችሁ ሁልጊዜ ደህናውን ጎን ነው። እናንተ ገልብጡትና የተቀመጠበትን ጎን አሽቱ።

ሳላሜ ልጣጩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ካለው አትፍሩት፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ካለው መልሱት። ከዚያ መሃሉን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ዳሩ ደርቆ መሃሉ ከለሰለሰ የቸኮለ ሰው ነው ያደረቀው፣ ሳምንት ሳይሞላው ይሸታል። ሞርታዴላ የተቆረጠበት ፊቱ ላይ ጣት ሲያርፍበት ተመልሶ መነሣት አለበት።

የሰርዲን ጣሳ ያበጠ ከሆነ አትንኩት። ያላበጠውን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ብዙ የሚንቦጫቦጭ ከሆነ ዘይት እንጂ ዓሣ አልገዛችሁም። ማር ሻጭ ከላይ እንድትቀምሱ ይለምናችኋል፤ እናንተ ከታች ውሰዱ። የበደሳ ገበያ ቅቤም ላይ ላዩ ለጋ ይሆንና መሃሉ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ቀጭን እንጨት እስከ መሃሉ አስገብታችሁ አውጡና አሽቱ። ሻጯ ብትቆጣም ተቆጥታ ትብረድ፣ እናንተ እንጨታችሁን አትተዉ።

ይህን ሁሉ ግን ሌላ ከተማም ትማሩታላችሁ። በአሰበ ተፈሪ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ክርኑን ያሳርፍና ዋጋም ሳይጠይቅ፣ ሳያሸት፣ «የማን ነው?» ይላል። የማን ነው ማለት በማን እጅ ታረደ ማለት ነው። ሲታረድ በስመ አብ ተባለ ወይስ ቢስሚላህ? የሚመልሰው ሰው ሳይንተባተብ መመለስ አለበት። ዓይኑ ትንሽ ከዞረ ደንበኛው ወጥቶ ይሄዳል፣ ዘመዶቹንም ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ሙሴ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያና ሁለት የሥጋ መስቀያ ነበረው። ቀይ እጀታ ያለው ቢላዋ የክርስቲያን ነው፣ ጥቁሩ የእስላም። አሳማ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አያስገባም ነበር። «በዚህ ከተማ አሳማ የሸጠ ሰው ማግስቱን ዳቦም የሚገዛው አያገኝም» ይል ነበር። አንድ ፈረንጅ መንገደኛ ይህን ሁሉ አይቶ ለምን ትደክማላችሁ ቢለው፣ ሙሴ በአማርኛ «አንተ ታልፋለህ፣ እነሱ ነገም ይመጣሉ» አለው። ፈረንጁ አልገባውም፤ እኛ ግን ገባን።

ጥያቄው ዓሣ ላይ እንኳ ይመጣ ነበር። አንድ ጊዜ ጢማም ሽማግሌ የተሳለበት የሰርዲን ጣሳ መጣልን። ፈረንጅ ዓሣ አጥማጅ ነው ሰውዬው። የገጠር ሙስሊሞች ጢሙን አይተው ሼህ ነው የባረከው ብለው ገዙት። ክርስቲያኖቹ ቄስ ነው አሉና ገዙት። በኋላ አንድ ክርስቲያን ባላገር በሙስሊም ጎረቤቱ ቤት ያንኑ ጣሳ ቢያይ እያለከለከ መጣና «አንቺ፣ የእስላም ሸጥሽልኝ እንዴ?» አለኝ። ዓሣ አይታረድም ብዬ ባስረዳው «እሱስ ይሁን፣ ሰውዬው ማነው?» አለ። አላውቀውም አልኩት። አላውቀውም ስላልኩት አመነኝና ሁለተኛ ጣሳ ገዝቶ ሄደ።

አብዮቱ ሲመጣ ሙሴ ከሚኤሶ ባቡር ተሳፍሮ ሄደ። ሲሰናበተኝ የሰጠኝ ምክር የለም፤ የፍሪጁ በር በደንብ እንደማይዘጋ ነበር የነገረኝ። ግሮሰሪዋ ተወርሳ የሕዝብ ሱቅ ሆነች። ሥራ አስኪያጅ ተሾመብን። እኔ የግዢ ሠራተኛ ተባልኩ፣ አልዪ የሽያጭ ሠራተኛ ተባለ፣ ሥራችን ግን ያው ነበር።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ባቡሩ ቆመ፣ ከድሬዳዋ ይመጣ የነበረው ዕቃ ተቋረጠ፣ መደርደሪያው ባዶውን ቀረ። በመሃሉ አግብቼ ወልጄ ነበር፤ ባሌ ዘመተ። ሁለት ልጆች በእኔ ደመወዝ ብቻ የሚያድሩ ሆኑ። ሥራ አስኪያጁ ሱቁን በጨውና በሳሙና ብቻ እንያዘው አለ። እኔና አልዪ ግን ሙሴ ሲሠራ ያየነውን ሳላሜ ራሳችን እንሥራው አልን።

ሠራነው። የበሬ ጭንና ስቡን በቢላዋ ከትፈን፣ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ አሽተን፣ በታጠበ አንጀት ጠቅጥቀን፣ ነፋስ በሚገባበት ጓዳ ሰቀልነው። የመጀመሪያው ተበላሸ። ሁለተኛው ደርቆ እንጨት ሆነ። ሦስተኛው ሳላሜ ሆነና የገለምሶ ሰው እስኪደርስለት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ነገር ሆነ። ሥጋው ከሁለት ሥጋ ቤት ነበር የሚመጣው። ሲደርቅ ሁለቱም አንድ ስለሚመስሉ የክርስቲያኑን በጥቁር ክር፣ የእስላሙን በነጭ ክር አሰርነው። ከተማው ክሩን ለመደው። ሰው ሲመጣ «ነጭ ክር አለ?» «ጥቁር ክር አልደረሰም?» ይል ጀመር።

ጓድ ፍስሐ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተላከልን ካድሬ ነው። ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ የሚያምር ወጣት ነበር። ክፉ ነበር ብዬ አልጽፍም። ያነበበውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነበር፣ እሱም ቢሆን ለጎረቤት አይመችም።

ከገለምሶ፣ ከበደሳና ከሚኤሶ የሚመጡ የገበሬ ማኅበር ተወካዮች በእኛ ከተማ ሊሰበሰቡ ነበር። መስተንግዶው በሕዝብ ሱቅ ይሁን ተባለ። ጓድ ፍስሐ ዝግጅቱን ለማየት ጓዳ ገባና የተሰቀሉትን ሳላሜዎች አየ።

«ክሩ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጥቁሩ የክርስቲያን ነው፣ ነጩ የእስላም።»

«ሥጋ ሃይማኖት አለው?»

«ሥጋውስ የለውም። የሚበላው ሰው ግን አለው።»

ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ሆኖ ዝም በይ በሚል ዓይን አየኝ። ጓድ ፍስሐ ግን አልተቆጣም፣ ማስተማር ጀመረ። ፊውዳሎቹ ሕዝቡን በሥጋ እንኳ ሳይቀር ከፋፍለው እንደገዙት፣ በአንድ ማዕድ መብላት የአንድነት መጀመሪያ እንደሆነ በዚያ በሚያምር ድምፁ አስረዳን። አንድነቱን አልጠላሁትም። እኔና አልዪ በአንድ ጓዳ ስንሠራ ዘመን አስቆጥረናል፤ አንድነት ከእሱ የምንማርበት ምክንያት አልታየኝም።

«ከእንግዲህ በዚህ ሱቅ የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ የሚባል ነገር የለም» አለ። «የሕዝብ ሥጋ ነው። ማንም የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ የሕዝብ ነው በሉ። አንድ ቢላዋ ይበቃል።»

ክሩን እንድቆርጥ አዘዘኝ። አልቆርጥም አልኩት። አልዪን አዘዘው። አልዪ አማርኛ እንደማይሰማ ሰው መክተፊያውን መጥረግ ያዘ። ጓድ ፍስሐ ከባንኮኒው ላይ መቀስ አንሥቶ በራሱ እጅ ክሮቹን አንድ በአንድ ቆረጣቸው፣ ሳላሜዎቹንም በአንድ ትልቅ ቅርጫት ከመራቸው። አልዪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ወላሂ አስኬ፣ አሁን እኔም አላውቀውም» አለኝ።

እኔ ወደ ቅርጫቱ ሄጄ አንዱን አነሣሁና አሸተትኩት። ሌላውንም አሸተትኩ። ቅመማችን አንድ፣ አደራረቃችን አንድ ነው። ሙሴ የቀጠረው አፍንጫ ምንም አልነገረኝም። ቅርጫት ሙሉ ጥሩ ምግብ በመቀስ ባለቤት አልባ ሲሆን ማየት እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«ጓድ» አልኩት፣ «አሁን ይህን ሥጋ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም። እርስዎም አያውቁትም።»

«ማወቅ አያስፈልገኝም።»

«ነገ ሲጠይቁኝ አላውቅም ነው የምለው።»

«የሕዝብ ነው ትያለሽ።»

«አላውቅም እላለሁ።»

«ሥራሽን ትወጂያለሽ?»

«እወዳለሁ። ስለምወደው ነው እንዲህ የምልዎት።»

መቀሱን አስቀመጠና ነገ ካበላሸሁ እኔ ራሴ የማልወጣበት ቦታ እንደምገባ ነገረኝ። ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም፣ ከዚህ ባነሰ ቃል የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ቤት ሄጄ ምናልባት ሳልመጣ ከቆየሁ ልጆቼን እንድትይዝልኝ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ደግሞ «ለሳላሜ ብለሽ ነው?» አለችኝ። ለሳላሜ አይደለም ብዬ ላስረዳት ብሞክር አፌ ላይ የመጣልኝ ሌላ ቃል አልነበረም፣ ስለዚህ «አዎ፣ ለሳላሜ ነው» አልኳት።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ አዘጋጅተን ዳቦ፣ ለስብሰባው ተብሎ ከበላይ የተላከልንን ፎርማጆ፣ ሰርዲንና ማርማላታ ደረደርን። መሃል ላይ በአንድ ቢላዋ የተቆረጠው ሳላሜ ነበር። እኔ ከጠረጴዛው ኋላ ቆምኩ፣ አልዪ ሻይ ያድላል። ተወካዮቹ ለዕረፍት ሲወጡ መጀመሪያ የመጡት የገለምሶው ሼህ ኡመር ናቸው። ከሙሴ ዘመን ጀምሮ ደንበኛችን ናቸው። ዳቦ በሳህን ያዙና ሳላሜው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አስካለ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ፎን ከን ኤኙቲ?» ሥጋው የማን ነው ማለታቸው ነው።

ጓድ ፍስሐ አጠገቤ ነበር። ሲያየኝ ይታወቀኛል። ፈርቼ ነበር፣ ይህን አልደብቅም። አፌ ግን አልከዳኝም።

«አላውቅም ሼህ» አልኳቸው።

«አንቺ አታውቂም?»

«ክሩ ተቆርጧል። አልዪም አያውቅም።»

ሰልፉ ቆመ። ከሼህ ኡመር ኋላ የነበሩት የሚኤሶው አቶ ታደሰ፣ የታወቁ ጾመኛ ክርስቲያን፣ «እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር» አሉና ሳህናቸውን ወደ ኋላ ሳቡት። ጓድ ፍስሐ ፈገግ ብሎ ወደ ፊት ወጣ።

«አባት፣ የሕዝብ ነው። ይብሉ» አላቸው።

«ሕዝብ ብዙ ነው ልጄ» አሉት ሼህ ኡመር። «ቢላዋውን የያዘው ማነው?»

«ይህ ኋላ ቀር ጥያቄ ነው።»

«እሺ። እኛ ኋላ ነን። አንተ ፊት ነህ። ፊት ያለው መጀመሪያ ይብላ፣ እኛ እንከተላለን።»

አቶ ታደሰ ሳቁ። ሳቁ ወደ ኋላ ተላለፈና ሰልፉ ሁሉ ጓድ ፍስሐን ይመለከት ጀመር። እምቢ ማለት አይችልም። እጁን ዘርግቶ አንድ ቁራጭ አነሣ። ወደ አፉ አደረሰው ስል መለስ አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ «አስካለ፣ የኛ የቱ ነው?» አለኝ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እዚያ ግን ብቅል አላስፈለገም፣ አንድ ቁራጭ ሳላሜ በቃ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ልጆቼንም እስር ቤቱንም ረሳሁ።

«የሕዝብ ነው ጓድ» አልኩት። ሼህ ኡመር እስኪሰሙ ድረስ አልኩት።

ቁራጩን ይዞ ቆየ። መልሶ ሳህኑ ላይ እንዳያስቀምጠው ሰው ሁሉ እያየው ነው፣ ሊበላውም አልቻለም። መጨረሻ ላይ ሻይ ይምጣ እያለ ቁራጩን ካኪ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ጥሩ ሳላሜ ስብ አለው። ወደ መድረኩ ሲመለስ የኪሱ ጨርቅ ላይ ቅባቱ እየሰፋ ነበር። ሼህ ኡመር ዳቦ በማርማላታ፣ አቶ ታደሰ ዳቦ በፎርማጆ በሉ። በአንድ ጠረጴዛ ነው የበሉት፣ ጎን ለጎን ቆመው።

ሳላሜውን ማንም አልነካውም። ማምሻውን ከከተማ ወጣ አድርገን ጣልነው። ጅብ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። አልዪ ቅርጫቱን ሲያራግፍ አለቀሰ። ስንት ቀን የከተፍነው ነው።

በማግስቱ ጓድ ፍስሐ ቢሮው አስጠራኝ። ሌላ ካኪ ለብሷል። ተቀመጪ ስላላለኝ ቆሜ ቀረሁ።

«ትናንት ያልኩሽን የሰማ ሰው አለ?» አለኝ።

«ሼህ ኡመር አጠገባችን ነበሩ።»

«ምን ሰሙ?»

«የኛ የቱ ነው ሲሉ።»

 እሱ ካሰረኝ ለምን እንዳሰረኝ መጠየቁ አይቀርም፣ ያ ቃሉም ይወጣል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። «ከግዢ ወርደሻል» አለኝ። «ከነገ ጀምሮ የስኳር ሰልፍ ላይ ትቆሚያለሽ።»

«እሺ ጓድ። ክሩስ?»

«የምን ክር?»

«ቀጥሎ የሚደርቀውን ሳላሜ በምን እንሰረው?»

መስኮቱን ተመለከተ። «በፈለጋችሁት እሰሩ» አለና ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ገበያ ገባሁ። አንድ ድውር ጥቁር፣ አንድ ድውር ነጭ ክር ገዝቼ ለአልዪ ሰጠሁት።

የስኳር ሰልፍ ላይ ዓመታት ቆሜያለሁ። ካርድ ማየት፣ ተጋፊ መግፋት፣ እርጉዝ ማሳለፍ ነበር ሥራዬ። ግዢው ላይ የተካኝ ሰው ደህና ልጅ ነበር፣ ግን አልዪ ያለ እኔ አንድ ዕቃ አልተቀበለም። ቅቤ የተወጋበትን እንጨት ይዞ ሰልፉ ድረስ ይመጣና «አስኬ፣ አሽቺ» ይለኛል። ሰልፈኛው ሁሉ እያየ አሸታለሁ። «መሃሉ አሮጌ ነው፣ መልሰው» ስል ከሰልፉ ውስጥ ሻጯን የሚያውቁ ሰዎች ይስቁ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቆጣ፣ ከዚያ ደከመው። ጓድ ፍስሐ ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር ያለ ምንም ደብዳቤ ወደ ባንኮኒዬ ተመለስኩ። ማንም ተመለሽ አላለኝም፤ ውጪም አላለኝም።

የዚያ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ላይ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙ። ቀን ላይ ፎርማጆም ቅቤም ሥጋም ሁለታችንም የማንቀምስበት ወር ሆነ። ያን ጊዜ ፎርማጆውን በጆሮ፣ ቅቤውን በአፍንጫ፣ ሳላሜውን በአውራ ጣት ብቻ ገዛን። አንድም ዕቃ አልተመለሰብንም። አልዪ «ሙሴ ቢያይ ሁለት ሩብ ሰው ቀጠርኩ ይል ነበር» አለኝ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የግሮሰሪዋ ቦታ ላይ ሌላ ሱቅ አለ፣ ሁሉ ነገር ታሽጎ ይመጣል፣ ጀርባው ላይ ብዙ ነገር ተጽፎበታል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች አንዳንዴ ታገኙኛላችሁ፣ ምን ልማር ትሉኛላችሁ። ማሽተቱን በዓመት ትለምዱታላችሁ። እኔ ግማሹን ዕቃ ሳልቀምስ ገዝቼ ሸጫለሁ፣ በዚህ አላፍርም። ሳላውቀው አውቀዋለሁ ብዬ የሸጥኩት ግን የለም። ሰው የማን ነው ብሎ ሲጠይቃችሁ የምታውቁትን ንገሩት፤ ካላወቃችሁ አላውቅም በሉት፣ የሚያዛችሁ ሰው አጠገባችሁ ቢቆምም።